አባ ክፈተው

ባለፈው ወር አሌክሳንድርያ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ከዚህ ቀደም ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን የማናውቅ አንድ ሰው ከቆሎው ዘገን እያደረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «አንተ ሰው፣ የጎረምሳ መኪና ገዛህ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ለቅሶ ቤት ነውና ጮክ ብዬ አልመለስኩለትም። ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈሩን የመጠጠው ለሟቹ ይሁን ለኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወሬው ለቅሶ ቤት ድረስ ከደረሰ ዘንድ ተጣሞ ከሚዛመት ከባለቤቱ አፍ ቢሰማ ይሻላል ብዬ፣ ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ሳምንት አሳርፌ ስለ መኪናዬ ላወጋችሁ ነው። ፖለቲካውን የሚጽፉ ባልደረቦቼ በሌሎቹ ገጾች ላይ ስላሉ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

አዎን፣ ገዝቻለሁ። እ.ኤ.አ. የ1995 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ የፊት መብራቶቿ ሲፈለጉ እንደ እንቁራሪት ዓይን ከኮፈኑ ላይ ብቅ የሚሉ፣ ማርሿ በእጅ የሆነ ቀይ መኪና ናት። የከፈልኩት 6800 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ለምን ተጠራቅሞ እንደነበር ኋላ እመለስበታለሁ። ቤቴ ውስጥ ጠብ ያስነሳውም እሱ ነው።

እዚህ አገር እንደገባሁ የያዝኩት ሥራ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ የሰው መኪና ማቆም ነበር። ከሕንድ፣ ከፑኔ ዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁትን የኢኮኖሚክስ ዲግሪና አዲስ አበባ ውስጥ በጋዜጠኝነት ያሳለፍኳቸውን ዓመታት ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ፣ ዋሽንግተን መሐል ከመሬት በታች ሦስት ፎቅ ወርጄ ሰባት ዓመት መኪና አቆምኩ። ፖርሽ አቁሜያለሁ፤ ፌራሪ አቁሜያለሁ። ሁሉንም የነዳሁት ግን በሰዓት በአምስት ማይል ነው። ስፖርት መኪናን በአምስት ማይል መንዳት ማለት ፆመኛ ሰው ጥብስ እንዲያገላብጥ ማዘዝ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ቁልፋቸውን ተቀብለው አስፋልቱን እያስጮሁ ሲወጡ፣ እኔ ቲኬት ቆርጬ የሚቀጥለውን እቀበላለሁ። ያኔ ነው ነገሩ ያደረብኝ።

ለምን ሚያታ? አንደኛው ምክንያት ኪሴ ነው። ሁለተኛው ግን ታሪኳ ለጋዜጠኛ ልብ የቀረበ መሆኑ ነው። ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የማዝዳ የምርምር ኃላፊ ከነበሩት ከኬኒቺ ያማሞቶ ጋር ተገናኝቶ፣ እንግሊዞች በፊት ይሠሯት የነበረችውን ዓይነት ቀላልና ክፍት መኪና ማንም መሥራቱን ስለተወ እናንተ ሥሯት ሲል ይመክራቸዋል። ኩባንያው ምክሩን ሰማ። ከዚያም አልፎ በ1981 ጋዜጠኛውን ራሱን ቀጠረው። መኪናዋ በፌብሩዋሪ 1989 ቺካጎ ትርዒት ላይ ቀረበች። በ2000 በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ተብላ በጊነስ መዝገብ ተጻፈች፤ በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ተሠራች። እንግዲህ አስቡት፦ ጋዜጠኛ ምክር ሰጠ፣ የተመከረው ሰው አዳመጠ፣ ጋዜጠኛው ደሞዝ ተቆረጠለት! በኛ አገር ምክር የሰጠ ጋዜጠኛ የት እንደሚያርፍ የምታውቁት ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ጃፓኖቹ መኪናዋን ሲሠሩ የተመሩበት አንድ አባባል አላቸው። «ጂንባ ኢታይ» ይሉታል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህ ለኛ ሊነገረን አይገባም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ እያልን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። የፈረስ ጉልበት ከተነሣ ደግሞ የኔዋ 128 ብቻ ነው ያላት፤ ታክሲ የሚነዱት ወንድሞቻችን የያዙት ካምሪ ይበልጣታል። ግን ክብደቷ ከአንድ ቶን እምብዛም ስለማይበልጥ፣ የሚነዳው ጎማም የኋላው ስለሆነ፣ መሪውን ስታዞሩ መላ ሰውነታችሁ አብሮ ይዞራል። ነድቶ ላላየ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

አሁን ወደ መግዛቱ ልምጣ፤ ገንዘባችሁን ለመጣል ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ የመጀመሪያዋን መኪና ገዝቼ ዛሬ ይህንን የምጽፈው እንደ እንጉርጉሮ ነበር። የ1990 ነበረች፤ ሻጩ የጠየቀው 4200 ዶላር ነው። ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ሞተሯ እንደ ስፌት መኪና ጸጥ ብሎ የሚሠራ። ላሳያቸው ብዬ አንድ ጋሼ ይዤ ሄድኩ። ስማቸውን አትጥቀስ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ መካኒክ ነበሩ፤ እዚህ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ጋሼ ኮፈኑን አልከፈቱም። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አወጡና ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት፣ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ላይ አስጠጉት። ማግኔቱ መሬት ላይ ወደቀ። ደገሙ፤ ደግሞ ወደቀ።

«ስቱኮ ነው» አሉኝ በአማርኛ፣ ለሻጩ ፈገግ እያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ባሉ ሁለት ቱቦዎች በኩል ወርዶ ከመኪናዋ ሥር ይፈሳል። ቱቦዎቹ በቅጠልና በአፈር ሲደፈኑ ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ክፍት ብረት ውስጥ ይጠራቀማል። ብረቱን የሚበላውም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ዓይን ሲያየው አንድ ነገር ሳይመስል ቆይቶ አንድ ቀን ጣት ያስገባል። በዚህ ላይ እዚህ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ጨምሩበት። ያንን ብረት ቆርጦ በደንብ ማስበየድ መኪናዋ ራሷ ከምታወጣው ዋጋ የማይተናነስ ወጪ ያስከትላል። ሻጩ ግን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶታል።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ጎንበስ ብለው ከሞተሩ ፊት ቺንጋውን የሚያዞረውን ፑሊ አዩና ቀዳዳዎቹን ቆጠሩ። አራት ናቸው። ስምንት ቢሆኑ ደግ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች፣ ማለትም ከ1990 እስከ 1991 ግድም የተሠሩት፣ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ ጫፉ አጭር ስለሆነ ፑሊው የሚታሰርበት ቦታ እየላላ ዘንጉን ራሱን የሚበላባቸው አሉ። በኋላ ፋብሪካው ጫፉን አረዘመው፤ ፑሊውም ባለ ስምንት ቀዳዳ ሆነ። ሁሉም አጭሮቹ ይበላሻሉ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይሄዳሉ። ግን ቺንጋ ሲቀየር ቡሎኑን በግዴለሽነት ያሠረ ሰው በመካከል ካለ ዕዳው የገዢው ነው።

መንገድ ላይ ስንመለስ ጋሼ «ልጄ፣ መኪና ስትገዛ ከሞተሩ አትጀምር» አሉኝ። «ሞተር ተፈልጎ ይገዛል። የማይገዛው አካሏ ነው።»

ሦስት ወር ፈልገን የ1995ቱን አገኘን። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሴት ሲሆኑ ከቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ በክረምት አውጥተዋት አያውቁም። ማግኔቱ ግጥም አለ። ቱቦዎቹ ውስጥ ጋሼ ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ሰደው በሥር በኩል አወጡት። ሴትየዋ የዘይት ቅየራውን ደረሰኝ ሁሉ በካርቶን አስቀምጠዋል። 7500 ብለው በ6800 ተስማማን። ሲያስረክቡኝ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሸራውን ከማጠፌ በፊት የኋላውን የላስቲክ መስኮት ዚፕ እንድከፍት። ሳይከፈት ከታጠፈ መስኮቱ ይሰነጠቃል።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማ መኪናዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ነርስ ናት፤ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ መምጣቷ ነበር። «እኔና ልጆቹ የት ልንቀመጥ ነው?» ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ያለችው ሌላ ነው፦ «የአባትህን ትኬት እኮ ነው እዚያ ያቆምከው።»

ገብታ ተኛች። እኔ ቁልፉን ይዤ ቀረሁ።

ያ 6800 ዶላር የአገር ቤት መሄጃ ነበር። ከ1998 ዓ/ም ጀምሮ አገሬን አላየሁም። በ2010 በሩ ተከፈተ ሲባል ጓደኞቼ እየተሽቀዳደሙ ሄዱ፤ እኔም ማጠራቀም ጀመርኩ። በ2011 ሥራ በዛ አልኩ። በ2012 በሽታው መጣ፤ በ2013 ጦርነቱ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ እንኳ መፈለግ ተውኩ፤ ዝም ብዬ ማጠራቀሜን ቀጠልኩ። እናቴ ስታርፍ ለቅሶዋን የተቀመጥኩት እዚሁ አሌክሳንድርያ ነው፤ እናንተው ናችሁ መጥታችሁ ያጽናናችሁኝ። አባቴ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ገንዘብም ፖለቲካም አልነበረም የያዘኝ። የእናቴ ወንበር ባዶውን የተቀመጠበትን ሳሎን ማየት ፈርቼ ነው። ፈሪ ሰው ደግሞ የፈራውን ነገር ገንዘብ በሌላ ነገር ላይ ሲያጠፋው ቀለል ይለዋል።

ከአባቴ ጋር በስልክ እንዴት እንደምንነጋገር ብነግራችሁ የናንተንም ታገኙበታላችሁ። ስልኩ ጆሮ አለው እየተባለ በኖርንባቸው ዓመታት የለመድነው ቋንቋ ነው። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ልጆቹ? ደህና ናቸው። ዝናቡስ? ደህና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። አራት ደቂቃ። ጆሮው ተነሣ ከተባለም በኋላ ሌላ ቋንቋ ጠፋን።

ወሬ ከኔ ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ ኖሯል። ሰላምታችንን ጨርሰን ልንዘጋ ስንል አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ማርሿ በእጅ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

አባቴ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ጉለሌ ፊያት ሴይቼንቶ ነበረቻቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ከኋላ ያለውን ሞተሯን ከፍተው ሲጎረጉሩ እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ነበርኩ። ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ቢዬላ የሚሉትን ቃላት ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅኋቸው። ዛሬ እዚህ መለዋወጫ መሸጫ ገብቼ ከባንኮኒው ጀርባ ላለው ልጅ የዕቃውን ስም በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሲያቅተኝ በጣቴ አሳየዋለሁ። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ የመኪናን አካል ሙሉ በሙሉ በስሙ ጠርቶልን ሄደ፤ አሜሪካ ደግሞ ሃያ ዓመት ግድም ኖሬባት ካንዴላን ሌላ ስም ልትሰጥልኝ አልቻለችም።

በዚያ ቀን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተነጋገርን። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ደወሉ፤ እሳቸው!

ከዚያ ወዲህ የመኪናዋ ሐኪም ሁለት ሆነ፤ ጋሼ እዚህ፣ አባቴ እዚያ። መጀመሪያ የታመመችው ፍሪሲዮኗ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፔዳሉ እንደ ጭቃ ሰምጦ ቀረ፤ ማርሽ አልገባ አለ። የዚህች መኪና የታወቀ በሽታ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ ጎን ያለችው ትንሿ የፍሪሲዮን ፓምፕ ውስጧ ያለው ጎማ አልቆ ዘይቱ ይፈሳል። ዕቃዋ ርካሽ ናት፤ በሁለት ቡሎን የታሰረች ስለሆነች እጅ ያለው ሰው ራሱ ይቀይራታል። አንድ ጋራዥ ግን መላው ፍሪሲዮን መውረድ አለበት ብሎ 1400 ዶላር ጠየቀኝ። ጋራዡን በስሙ አልጠራውም፤ ከመኪናው የሚበልጥ ምላስ ያላቸው ጋራዦች በየሰፈሩ አሉና። ጋሼ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእግሬ ሥር ተኝተው እያዘዙኝ እኔው ቀየርኳት። ላይኛዋንም አብረን ቀየርን፤ አንዷ ስትሞት ሌላዋ አትቆይም። ጠቅላላ ወጪው ከመቶ ዶላር አልዘለለም፤ የጋሼን ክትፎ ሳንጨምር።

ሁለተኛው ነገር ድምፅ ነው። ቀዝቃዛ ጠዋት ስትነሣ ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ የሚል ድምፅ ከሞተሩ ይመጣል። ልቤ ወደቀ። አባቴ «ስልኩን አስጠጋልኝ» አሉ። ጉለሌ ሶፋ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ቨርጂኒያ ያለ ሞተር ሲያዳምጡ አስቡት። «ከላይ ነው ከታች የሚመጣው? ካቻቢቴ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ ስማ።» ከላይ ነው። «ስትሞቅ ይጠፋል ወይስ ይብሳል?» ይጠፋል። «እንግዲያው ቢዬላ አይደለም። ቢዬላ ከታች ነው የሚመታው፣ ወፍራም ነው፤ ስትጭናት ይብሳል። ባልቮላው ነው፤ ሬጅስትሮ አድርገው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ያስተማርኳቸው እዚህ ላይ ነው። የሷ ባልቮላ በእጅ ሬጅስትሮ የሚደረግ አይደለም። ክፍተቱን የሚያስተካክለው በውስጡ የሚሞላው የሞተር ዘይት ራሱ ነው። ዘይቱ ሲያረጅ ወይም መኪናዋ ብዙ ቀን ስትቆም ይጎድልና ይንኳኳል። ንጹሕ ዘይት አድርጎ ሞቅ አድርጎ ረጅም መንገድ መንዳት ነው መድኃኒቱ። አባቴ ዝም ብለው ቆዩና «እኛ እሑድን ሁሉ የፈጀነው ለዚያ ነበር እኮ» አሉ።

ሌላውን ባጭሩ ልናገር። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ከጥቁርነት ወደ ቡናማ ሲለወጥ ሊፈነዳ ነው ማለት ነውና ሳይቀድማችሁ ቀይሩት። ባትሪዋ የሚገኘው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ ተራውን ባትሪ ያለ መተንፈሻ ቱቦው የሚያስገባ ሰው የአሲዱ ትነት ብረቱን ይበላበታል። የታይሚንግ ቺንጋው በየ60 ሺህ ማይል ይቀየራል። ቤንዚኗ ተራው ነው፤ ጎማዋም ባለ 14 ስለሆነ አይወደድም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት የሞላት መኪና የጥንታዊ ታርጋ ልታወጣ ትችላለች፤ ዓመታዊው ምርመራም ይቀርላታል። ግን በዚያ ታርጋ በየቀኑ ወደ ሥራ መመላለስ ስለማይፈቀድ እኔ አላወጣሁትም። የኛን አገር ቦሎ ላስታወሰ ሰው የዚህ አገር ምርመራ ሽርሽር ነው።

ባንዱ እሑድ ስለ ሴይቼንቶዋ አነሣሁባቸው። በ1990 ዓ/ም ለትምህርት ወደ ሕንድ ስሄድ ትኬቴ የተቆረጠው እሷ ተሸጣ ነው። በቤታችን ስለዚህ ነገር ተወርቶ አያውቅም። አባቴ «አይቻት ነበር እኮ» አሉኝ። ካልጠፋ ነገር ይህንን ለሃያ ምናምን ዓመት ይዘውት ኖረዋል። ታክሲ ሆና ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ አንድ ቀን ፒያሳ ቆመው ሳለ ከኋላቸው ስትመጣ በድምጿ አወቋት። ተሳፈሩ። ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ሒሳባቸውን ከፍለው ጉለሌ ወረዱ።

«ምን አሉት ሾፌሩን?»

«ምን እለዋለሁ? ሦስተኛ ላይ ይቸኩል ነበር፤ ትንሽ ብትጠብቃት አልኩት። አንተ ደግሞ የፈረስ ስም አውጣላት እንጂ፣ እንዲሁ ማዝዳ ማዝዳ ይባላል?» ስለ ሸራው ነግሬያቸው ነበርና ሳላስብበት እሳቸው ራሳቸው አወጡላት፦ አባ ክፈተው።

ይህንን ለባለቤቴ ስነግራት የሌሊት ልብሷን ለብሳ ቡና እየጠጣች ነበር። ምንም አላለችም። ማታ ስመለስ ለገና የሚሆን የአዲስ አበባ ትኬት በራሷ ክሬዲት ካርድ ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ቀኑን ከፈለግሁ መለወጥ እንደምችል፣ ገንዘቡ ግን እንደማይመለስ ከሥሩ በብዕር አስምራበታለች።

ስለዚህ አሁን ሥራዬ መኪናዋን ለክረምት ማስተኛት ነው። መንገዱ ላይ ጨው ስለሚኖር ቀድሞም አላወጣትም ነበር። ነዳጁን እስከ አፉ ሞላሁት፤ ታንኩ ውስጥ እርጥበት እንዳይያዝ ነው። ዘይቱን ቀየርኩ። ጎማዎቹን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ነፋሁ። የእጅ ፍሬን አይያዝም፤ ብረቱ ከሸራው ጋር ይጣበቃል፤ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ጎማው ሥር እንጨት መወተፍ ይሻላል። ባትሪዋን ነቅዬ ቻርጅ ላይ አደርጋታለሁ። ቁልፉ ጋሼ ዘንድ ይቀመጣል፤ ላያወጧት ምለውልኛል፤ በመሐላቸው ላይ ግን ሙሉ እምነት የለኝም።

አባቴን ምን ላምጣልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። መድኃኒትም ልብስም አልጠየቁኝም። ያቺ የተበላሸችው የፍሪሲዮን ፓምፕ አልተጣለች እንደሆነ ልያት አሉኝ። አልጣልኳትም። በቤንዚን አጥቤ፣ በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ ከሸሚዞቼ መሐል አስገብቻታለሁ።